መልስ፦ የመስመር አጥቂ መቼ ያታልል፣ መቼ ያቀብል?

አቦ ወንድሜ፣ «መስመር ላይ ኳስ ሲደርሰኝ ልግፋ ወይስ ላቀብል?» ላልከው፣ መጀመሪያ ከተከላካዩ ጀርባ ያለውን እይ። ብቻውን ከሆነ ግባበት። ሁለተኛ ሰው ሊያግዘው ከመጣ ግን አንዱ ጓደኛህ ነፃ ወጥቷል ማለት ነው፤ ቶሎ አቀብለህ ሩጥ።

ዋናው ነገር የተከላካዩ እግር ነው። ኳሷን ሊነጥቅህ አንድ እግሩን ሲሰነዝር፣ ያኔ በዚያው እግር በኩል ግፋት፤ ክብደቱ እሱ ላይ ስላረፈ ቶሎ መዞር አይችልም። ተከላካዩ ሳይነቃነቅ አብዶ (የማታለያ እንቅስቃሴ) መደርደር ግን ኳስ ማባከን ነው!

ደቻቱ (የድሬዳዋው ወንዝ) አሸዋ ላይ ከሆናችሁ ኳሷ ስለምትያዝ ረጅም ገፍቶ መሮጥ አያዋጣም፣ መቀባበሉ ይሻላል። በራስህ ቡድን የሜዳ ክፍል አታታልል። በተጋጣሚ ሳጥን (የፍፁም ቅጣት ምት ክልል) ውስጥ ግን ድፈር፤ ተከላካዩ ፔናሊቲ ስለሚፈራ እንደልቡ አይገባብህም።