ባሕር በሌለበት የባሕር ጃርት

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የባሕር ጃርት (ክብ፣ እሾሃም የባሕር እንስሳ) አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርምን ለይቶ የሚይዝ የደም ፕሮቲን፣ ሳይኖረው በጀርም በተሞላ ባሕር ውስጥ እንዴት ጤነኛ ሆኖ እንደሚኖር ካነበብኩ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ተከላካይ ሴሎቹን ማጥናት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን «ባሕር በሌለው አገር የባሕር ጃርት ምን እንጀራ ይሆንሻል? ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ ተዛወሪ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ያነሱት ተገቢ ጥያቄ ነው። «የባሕር ጃርት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ በአገራችን አይቼ አላውቅም፤ ታያለሽ ብዬም አልሸነግልሽም። ደብዳቤሽን ሳነበው ግን የማረከሽ ከእንስሳው ይልቅ «ያለ አንቲቦዲ ራስን እንዴት መከላከል ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ ይመስለኛል፤ ጥያቄው ደግሞ በባሕር ዳርቻ ብቻ የሚጠና አይደለም።

አነሳሱ እርግጥ ከባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 የእንስሳት ተመራማሪው ኤሊ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ሳለ፣ ገላው ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከብበውታል። ጀርም የሚውጡ ሴሎች ሰውነትን ይከላከላሉ የሚለው ሐሳቡ ከዚህ ተነሥቶ በ1908 ለኖቤል ሽልማት አበቃው። የባሕር ጃርት የዚያ የባሕር ኮከብ ዘመድ ነው። በሰውነቱ ክፍተት በሚዘዋወረው ፈሳሽ ውስጥ ጀርም የሚውጡ ሴሎች አሉት፤ ኢኪኖክሮም የተባለ ባክቴሪያ የሚገድል ቀለም የተሸከሙ ቀያይ ሴሎችም አሉት። እ.ኤ.አ. በ2006 የሐምራዊው የባሕር ጃርት ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃው፣ ይፋ ሲሆን፣ ጀርምን ለይተው የሚያውቁትን ቶል መሰል ተቀባዮች የሚሠሩ 222 ጂኖች ተገኙበት። በሰው ዘንድ አሥር ናቸው። እኔ እንኳ ከቢሮ ወንበሬ ሆኜ ይህን ሳነብ ቀናሁ፤ አንቺ ብትማረኪ አይገርመኝም።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። አንቲቦዲ ሳያመርቱ ራሳቸውን የሚከላከሉ እንስሳት በደጅሽ ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማችን በበጋ ወባ ሲነሣ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ወራሪ ትንኝ ከወረርሽኙ ጋር መያያዟ በጥናት ታይቷል። እሷም ጀርም የሚውጡ ሴሎች አሏት። ነገር ግን ሴሎቹ ያሉበትን ፈሳሽ ከትንኝ መቅዳት ለጀማሪ እጅ አስቸጋሪ ነው። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው፣ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ይሻልሻል፤ ሴሎቹ ጥገኛ ትሉን ከብበው ለመግደል ይሞክራሉ፤ አንዳንዱ ቀንድ አውጣ ያሸንፋል፣ አንዳንዱ ይሸነፋል። ለመመረቂያ ጥናትሽ ከዚህ የበለጠ ርዕስ አይታየኝም። ብቻ ሥራው አማካሪሽ ባሉበት ይሁን፤ ያለ ጓንትም ቀንድ አውጣው ያለበትን ውኃ እንዳትነኪ፤ ትሉ በቆዳ ይገባል።

የባሕር ጃርቱን ደግሞ በኮምፒውተር ያዢው። ኢኪኖቤዝ በተባለው የመረጃ ቋት ጂኖሙ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ስታቲስቲክስና ጥቂት ፕሮግራሚንግ ተማሪ። ሴል መቁጠር፣ ስላይድ ማቅለም፣ ዲኤንኤ ማውጣትና ጂን ማወዳደር የሚችል ሰው በጤና ምርምር ተቋምም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ተፈላጊ ነው። ለአባትሽ የምታሳዪያቸው እንጀራ ይኸው ነው።

ዝውውሩን በተመለከተ፣ እኔ አልመክርም። የሕክምና ላቦራቶሪ የተከበረ ሙያ ነው፤ ነገር ግን የታካሚ ናሙና መመርመር ከዚህ ጥያቄ ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ ነው፤ በሦስተኛ ዓመት ደግሞ ከታች መጀመር ሊመጣብሽ ይችላል። ውጤትሽ ደካማ ከሆነ ወይም ቤተሰብሽ ፈጥነሽ ደመወዝተኛ እንድትሆኚ የሚጠብቅሽ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ይህን በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም።

ለማስተርስ ስታመለክቺ ኢራስመስ ሙንዱስን ከመሳሰሉ የነፃ ትምህርት ዕድሎች መካከል የባሕር ሳይንስ ያለባቸውን ፈልጊ። በማመልከቻሽ ባሕር እንደምትወጂ አትጻፊ፤ ብዙ ሰው ይጽፈዋል። የቀንድ አውጣ ሴል እንዴት እንደቀዳሽ፣ ምን እንደቆጠርሽ፣ የቱ ሙከራ እንዳልሠራና ለምን እንዳልሠራ ጻፊ። አሁን ግን የጥናት ርዕስ ማስመዝገቢያ ቀን ሳያልፍ አንድ ገጽ ጽፈሽ የትምህርት ክፍልሽን የፓራሳይቶሎጂ (የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት) መምህር አነጋግሪ።