ለወንድሜ ጓሮ ክፍል ልንሠራለት ነው፤ መስኮት ይኑረው ወይስ አይኑረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ታናሽ ወንድሜ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳበት፣ አንዴ በድባቴ የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም) አለበት ተብሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም ቆይቷል፤ አሁን ሊወጣ ነው። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ከሰርቪሱ ጀርባ አጥሩን አስጠግተን አንድ ክፍል ልንሠራለት አስበናል። አባታችን ግን መስኮት አያስፈልገውም፣ በሩም ላሜራ ሆኖ ከውጭ ይቆለፍ ይላሉ። እኔ እስር ቤት እየመሰለኝ ተጨንቄያለሁ። እህቱ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ እንዲህ የሚሉት ፈርተውለት ነው፤ ይገባኛል። ጭንቀትሽ ግን ልክ ነው።

ከቦታው እንጀምር። ከሰርቪስ ጀርባ ሰው ጉዳይ ከሌለው አይደርስም። ወንድምሽ ጠዋት ሲነሳ የሚያየው የብሎኬት አጥር ብቻ ይሆናል፤ እናንተም ምግብ ካላደረሳችሁለት በቀር አታዩትም። ከተቻለ ከዋናው ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ በሩ ወደ በረንዳው ይሁን። ቡና ሲፈላ ይሽተተው፣ ሲፈልግ ወጥቶ ይቀመጥ፣ ሲሰለቸው ገብቶ በሩን ይዝጋ።

መስኮቱን ወደ ምሥራቅ አድርጉት። በጣሊያን ሚላን የአንድ ሆስፒታል መዝገብ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት አለ። በባይፖላር ሕመም ድባቴ ውስጥ ከነበሩት ታካሚዎች፣ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት የምሥራቅ ክፍል የተኙት በምዕራብ በኩል ከነበሩት በአማካይ ወደ 4 ቀን ገደማ ቀድመው ወጥተዋል። መድኃኒቱን ይተካል ማለቴ አይደለም። ግን ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋት ፀሐይ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ማታ ደግሞ ጨለማና ጸጥታ ያስፈልገዋል፤ እንቅልፍ ማጣት ይህን ሕመም ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ኮርኒስ። ባዶ ቆርቆሮ ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ማን ይተኛል?

አባትሽ መስኮቱ ላይ ብረት የግድ ይግባ ካሉ መላ አለ። በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ1796 የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሲከፍቱ፣ ሌላው ቦታ ሰው በሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ እነሱ ግን የመስኮቱን ብረት ተራ የእንጨት ክፈፍ አስመስለው አሠሩት። የእናንተም ብረት ሠሪ የመስታወቱን ክፍፍል ተከትሎ ይሥራው። ግን አንዱ ክንፍ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሳስ?

ከውጭ የሚቆለፈውን በር ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ከውስጥ በዕቃ ሊዘጋ አይችልም። ቁልፉም ከውስጥ ተሰክቶ እንኳ ከውጭ በሌላ ቁልፍ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። ይህን ለሻጩ አስረድቶ መግዛት ይቻላል።

አባትሽ «ቢነሳበትስ?» ይሉ ይሆናል። በስዊድን ጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተ የአእምሮ ሕክምና ሕንፃ አለ። ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ክፍልና መታጠቢያ፣ እንደፈለጉ የሚያንቀሳቅሱት ወንበር፣ የአትክልት ቦታ፣ ብዙ ብርሃን፣ ትንሽ ጫጫታ። ከተካው አሮጌ ሆስፒታል ጋር ሲነጻጸር ታካሚን በጉልበት ማሰር በግማሽ ቀንሷል። ሰው መሸሻ ሲያጣ ነው የሚጋጨው፤ ፊት የሚያዞርበት ቦታ ሲኖረው ይበርዳል። ይህን ለአባትሽ ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ምናልባት ይሰሙሻል።

ቀለሙ ብዙ አያስጨንቅሽ፤ የሚያብረቀርቅና የሚጮኽ ብቻ አይሁን። መድኃኒቱ የት ተቆልፎ እንደሚቀመጥና ክፍሉ ውስጥ ምን መኖር እንደሌለበት ግን ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፤ እንደየሰዉ ይለያያል።

ግንበኛ ከመጥራትሽ በፊት ደግሞ ክፍሉን ወረቀት ላይ ሣዪውና ወንድምሽን ሆስፒታል ልትጠይቂው ስትሄጂ ይዘሽለት ሂጂ። አልጋውን የት እንደሚፈልግ እሱ ያመልክት።