አዲስ ፍሬን ሳይሟሽ ዓባይ በረሃ አይወረድም

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው። «የኮሮላዬ የፊት ፍሬን ዲስኮችና ሸራዎች ማታ ተቀየሩ። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ወጣሁ። ከደጀን ዓባይ በረሃን ስወርድ የመቃጠል ሽታ መጣ። ድልድዩ ጋ የመኪና ሰልፍ ስለነበር ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በ70 እና በ80 እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ካልያዝኩ ሰላም ነው። ጋራዡ ዲስኩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ቤት ይላጭ አለኝ። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ አሁን አታስላጨው። ዲስክህ የተጣመመ አይመስለኝም። ማታ ተገጠመ፣ ጠዋት በረሃ ወረደ፣ ሸተተ፣ ከታች ቆመ አልክ። እኔ መልሱን እዚያው ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ ፍሬንህ አልተሟሸም።

ይህን ነገር ጠንቅቀህ እንድትረዳው እፈልጋለሁ። አዲስ ምጣድ ጎመን ዘር ሳይቀባ፣ ሳይሟሽ እንጀራ ቢጋገርበት ይይዛል፤ ዲስክም እንዲሁ ነው። ፍሬን የሚይዘው ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ ዲስኩን፣ ስለፈገፈገ ብቻ አይደለም። በልክ ሲሞቅ ከሸራው ላይ ስስ ሽፋን እየተላቀቀ ዲስኩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ሸራው የሚነካው ይህን የራሱን ሽፋን ነው። አያያዙ የሚያምረውም ያኔ ነው። ሽፋኑ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንተ ግን በመጀመሪያው ቀን ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት አስወረድከው። ሸራው ከልክ በላይ ጋለ። ድልድዩ ጋ እግርህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ስትቆም ደግሞ የጋለው ሸራ በቆመበት ቦታ ላይ ወፍራም ማኅተም ጥሎ ቀረ። አሁን ጎማው በዞረ ቁጥር ያ ቦታ ሸራውን ይመታል። በመሪው የሚሰማህም ይኸው ነው። የውፍረት ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ እጅህ ያውቀዋል። ሰው ይህን ነው «ዲስኩ ተጣመመ» የሚለው።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ባልተሟሸ ፍሬን ዓባይ በረሃ አይወረድም። የገጠመልህ ሰው ይህን ሳይነግርህ መኪናህን ማስረከቡ ያናድደኛል። ቁልቁለቱ መንገድህ ላይ እንዳለ እያወቀ!

ወደ ሥራው እንግባ። ጎማውን አውልቅ። መኪናው በክሪክ ብቻ አይቁም፣ ጠንካራ መደገፊያ አስገባለት። ሸራዎቹን የያዘውን ካሊፐር ፈትተህ ዲስኩንም አውጣው። ከኋላው፣ የሚቀመጥበት ፊት ላይ ዝገት ካለ በሽቦ ብሩሽ እስኪጠራ አጽዳ። ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘላል፤ ዝገት ላይ የተቀመጠ አዲስ ዲስክ ደግሞ መወላገዱ አይቀርም። ካሊፐሩን በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥለው፣ በሽቦ እሰረው። የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በእጅ ካልተንቀሳቀሱ አጽዳና የፍሬን ግሪስ ቀባ።

የዲስኩን ሁለት ፊት በ120 ወይም በ150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በክብ በክቡ አሽ። ሸራውንም ላዩን ብቻ ነካ ነካ አድርገው። አቧራውን በአፍም በኮምፕረሰርም አታንፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። ርካሽ ሸራ ምን እንደተጨመረበት ስለማይታወቅ አቧራውን መተንፈስ የለብህም። በነገራችን ላይ ስም የሌለው፣ ካርቶኑ ላይ መመሪያ የሌለው ሸራ ከሆነ የተገጠመልህ፣ ጣለውና ደህና ግዛ። ጥቂት ብር አትርፈህ በረሃ መውረድ አያዋጣም። ዲስኩን በመጨረሻ በፍሬን ማጽጃ እጠበው። በናፍጣ እንዳይታጠብ፤ ናፍጣ ቅባት ይተዋል።

የጎማውን ብሎኖች በአንድ ጊዜ አንዱን አትጨርስ፣ በመስቀለኛ እያፈራረቅህ አጥብቅ። ከመንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመህ ምታው።

አሁን ማሟሸት። ከደጀን መለስ ያለውን፣ ወደ ሉማሜ የሚወስደውን ሜዳ መንገድ ብትጠቀም ጥሩ ነው። በማለዳ ይሁን፣ የገበያ ቀን አይሁን፤ ጋሪና ከብት ይበዛል። ከኋላህ መኪና እንደሌለ እያየህ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ለስለስ ባለ አያያዝ ቀንስ። አትቁም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነድተህ ድገመው፣ እስከ አስር ጊዜ። ከዚያ መንገዱ ከፈቀደ ከ80 ወደ 20 ጠንከር አድርገህ አምስት ጊዜ። ጎማው እስኪቆለፍ ግን አይደለም። ትንሽ ቢሸት አትደንግጥ። ሲያበቃ ፍሬን ሳትነካ አስር ደቂቃ ያህል ንዳ፣ ነፋስ ያቀዝቅዘው። ስታቆምም እጅ ፍሬን ሳትስብ ሜዳ ላይ አቁም። የሸራው ካርቶን የተለየ መመሪያ ካለው የእሱን ተከተል።

ይህ ሳይጠናቀቅ ወደ በረሃው እንዳትወርድ፣ አደራ! ከተሟሸ በኋላም ቢሆን በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ ውረድ። አውቶማቲክ ከሆነ 2 ላይ ወይም ኤል ላይ አድርገው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ አለ፤ ያ ሰው ሕይወቱን በሸራ ላይ ነው የሰቀለው። ፍሬን ስትይዝ ረግጠህ አትቆይ፣ ጠበቅ አድርገህ ቀንስና ልቀቅ። ታች ሰልፍ ካጋጠመህ ርቀት ጠብቀህ በዝግታ ተጠጋ፣ የጋለ ፍሬን ረግጠህ አትቁም።

ሁለት ጊዜ አሟሽተህ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ያኔ ሰዓት በሚመስለው መለኪያ (ዳያል ጌጅ) የዲስኩ መወዝወዝ ይለካ። ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙረህ ግጠምና እንደገና ለካ። ቶርኖ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው። የዲስኩ ትንሹ ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ ተላጭቶ ከዚያ የሚያንስ ከሆነ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይር፣ ሸራውንም አብረህ።