ማንቂያውን ከመዝጋትዎ በፊት፦ ስለ ግቢ ካሜራ የሐሰት ማሳወቂያዎች

ጠያቂያችን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው አዲስ አበባ የሚገኘውን የእናትዎን ግቢ በአራት ካሜራ እንደሚከታተሉ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን እዚህ አዲስ አበባ ሲመሽ፣ እርስዎ ገና ሥራ ላይ ሳሉ፣ ስልክዎ «እንቅስቃሴ ታይቷል» በሚል መልእክት እንደሚጥለቀለቅ ጽፈዋል። ወንድምዎ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ካሜራው ለእንቅስቃሴ ያለውን ንቃት፣ እስከ መጨረሻው እንዲቀንሱት እንደመከሩዎት፣ እርስዎ ደግሞ ማንቂያውን ጨርሶ ለመዝጋት እንዳሰቡ ጠቅሰዋል። ካሜራ በመግጠምና በመጠገን ሥራ ለብዙ ዓመታት እንደቆየ ሰው የምመክርዎ ሁለቱንም ለጊዜው እንዲያቆዩ ነው።

ሴንሲቲቪቲ መቀነስ የመጀመሪያ እርምጃ መሆን የሌለበት በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ተራው የሞሽን ዲቴክሽን (እንቅስቃሴን የመለየት ዘዴ) ሰውን ከቅጠል አይለይም፤ የሚያደርገው ተከታታይ ምስሎችን እያነጻጸረ ከምስሉ ምን ያህሉ ክፍል እንደተቀየረ መለካት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ሌንሱ አጠገብ የምትበር አንዲት የእሳት እራት ከምስሉ ሰፊውን ክፍል ትሸፍናለች፤ ጥቁር ልብስ ለብሶ በጨለማ የአጥሩን ጥግ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን በምስሉ ላይ ትንሽና ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ሴንሲቲቪቲው ሲቀነስ መጀመሪያ ከእይታ የሚጠፋው ሰውየው ነው፤ የእሳት እራቷ ግን ማስጮኋን ትቀጥላለች። ጸጥታው የተገኘው ካሜራው የተገጠመበትን ዓላማ በመሠዋት ይሆናል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የሁለት ወይም የሦስት ሌሊት ቅጂዎችን ከፍተው እያንዳንዱን ማንቂያ ምን እንዳስነሳው ይመልከቱ። አሰልቺ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን መንስኤው በአብዛኛው ከአንድ ወይም ከሁለት ካሜራ የሚመጣና በየሌሊቱ የሚደጋገም ሆኖ ያገኙታል። ማንቂያዎቹ ሁሉም ካሜራዎች ላይ በአንድ ቅጽበት የሚመጡ ከሆነ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ወይም ካሜራዎቹ ከቀን ምስል ወደ ሌሊት ምስል ሲቀየሩ መላው ምስል ስለሚለወጥ ነው፤ ይህ ጉዳት የለውም፤ ለካሜራዎቹና ለሪከርደሩ (ቅጂውን ለሚያስቀምጠው መሣሪያ) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ቢገባላቸው የመብራቱ ችግር ይቃለላል።

በክረምት ሌሊት ዋናው መንስኤ የካሜራው የራሱ ብርሃን ነው፤ በእኔ ልምድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ የግቢ ካሜራዎች በሌሊት የሚያዩት በሌንሱ ዙሪያ በተደረደሩ የኢንፍራሬድ መብራቶች (የሰው ዓይን እምብዛም የማያየው ብርሃን የሚሰጡ) ሲሆን፣ የተለመደው 850 ናኖሜትር የሚባለው ዓይነት በጨለማ ሲታይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህ ብርሃን ከሌንሱ ጎን ስለሚነሣ በቅርብ የሚያልፈውን የዝናብ ጠብታ፣ ትንኝና አቧራ እንደ ነጭ መስመር አጉልቶ ያሳየዋል። ሸረሪትም ካሜራው ላይ ድሯን ማድራት ትወዳለች፤ ንፋስ የሚያወዛውዛት አንዲት ክር ሌሊቱን ሙሉ ማንቂያ ታስነሣለች። ቤት ያለ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ በረጅም ለስላሳ ብሩሽ ድሩን ቢያነሣ፣ የሌንሱንም መስታወት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ቢወለውል ለውጡ በዚያው ሌሊት ይታያል። የነፍሳት ማጥፊያ ግን በቀጥታ ሌንሱ ላይ አይረጭ።

ከዚህ የሚሻለው ዘላቂ መፍትሔ ብርሃኑን ከካሜራው መለየት ነው። የካሜራውን ኢንፍራሬድ ከሴቲንጉ አጥፍቶ፣ ጥቂት ሜትር ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ ሌላ መብራት መግጠም ይቻላል፤ ተራ ነጭ አምፖል ከሆነ ነፍሳቱ ወደ እሱ ይሄዳሉ፤ ምስሉም በቀለም ስለሚሆን የሰው ልብስና ፊት በተሻለ ይለያል። ካሜራው ከጣሪያው ክፈፍ ወይም ከአሸንዳው ጋር ተጣብቆ ከተገጠመም የራሱ ብርሃን እዚያ ላይ አርፎ ስለሚመለስ ምስሉን ጭጋጋማ ያደርገዋልና ትንሽ ዝቅ ይደረግ።

ቀጥሎ የሚታየው የነገሩ አካባቢያዊ ሁኔታ ነው። በላኩት ፎቶ ላይ ከበሩ አጠገብ ያለው ኮባና የልብስ ማስጫው ገመድ ሁለቱም ከካሜራው ፊት ናቸው። የኮባ ቅጠል ሰፊ ስለሆነ በትንሽ ንፋስ ምስሉን በሙሉ ያናውጠዋል፤ ወደ ካሜራው የዘነበሉትን ቅጠሎች ማስቆረጥና ገመዱን ወደ ጓሮ ማዛወር ከማንኛውም ሴቲንግ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ በሴቲንጉ ውስጥ የማንቂያውን ክልል፣ ማለትም ካሜራው እንቅስቃሴ የሚጠብቅበትን የምስሉን ክፍል፣ ይሣሉ፦ የበሩ ሥር፣ ከአጥሩ ወደ ውስጥ ያለው መሬትና የበረንዳው መግቢያ ይግቡ፤ ሰማዩ፣ የዛፍ ጫፍና ከአጥር በላይ የሚታየው መንገድ ይውጡ። የሚያልፍ መኪና መብራት በበሩ ክፍተት ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ያንን ግድግዳም ያስወጡት። የጎረቤት መስኮት ከታየ ደግሞ ፕራይቬሲ ማስክ በሚባለው ይሸፍኑት፤ ይህ የጨዋነት ጉዳይም ነው።

ካሜራዎ ወይም ሪከርደርዎ ሰውንና መኪናን ለይቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከካሜራ አምራቾቹ ሂክቪዥን አኩሴንስ፣ ዳሁዋ ደግሞ ኤስኤምዲ የሚሉት ዓይነት ማለት ነው፣ ተራውን ሞሽን ዲቴክሽን ለቅጂ ብቻ ትተው ስልክዎ ላይ የሚመጣውን ማንቂያ በሰው ላይ ብቻ ያድርጉት። ድመትና ዝናብ በዚህ ይቀንሳሉ። ነገር ግን ካሜራው በጣም ከፍ ብሎ የሰውን አናት ብቻ ካሳየው፣ ወይም ሰውየው ጋቢ ተከናንቦ ካጎነበሰ፣ መሣሪያው ሰው መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ትንሽ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ የተሻለ ይለያል። ላይን ክሮሲንግ (የተሣለ መስመር ሲታለፍ የሚያስጠነቅቅ) ካለው ደግሞ መስመሩን እግር በሚረግጠው መሬት ላይ ይሣሉት፤ በአየር ላይ የተሣለ መስመር ወፍ ባለፈ ቁጥር ይጮሃል።

የእናትዎን፣ የሠራተኛዋንና የጥበቃውን የቀን እንቅስቃሴ በተመለከተ፣ ማንቂያው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻ እንዲመጣ በጊዜ ሰሌዳ ይገድቡት፤ ቅጂው ግን ሁልጊዜ ይቀጥል። ካሜራ መኖሩንና ወዴት እንደሚያይ ሦስቱም ሊያውቁ ይገባል። ሴንሲቲቪቲውን መንካት ያለብዎት ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው፤ ያኔም በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ እየቀነሱ ጥቂት ሌሊት ይጠብቁ።

በእያንዳንዱ ለውጥ ማግሥት ጥበቃውን ስልክ ደውለው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ማንቂያው በሚሠራበት ሰዓት፣ በአጥሩ ዳር በዝግታ፣ ከዚያም ጎንበስ ብለው እንዲሄዱ ይጠይቋቸው። ማንቂያው ካልመጣዎት የመጨረሻውን ለውጥ ይመልሱት። የካሜራዎቹን ሞዴልና ከእያንዳንዳቸው አንድ የሌሊት ምስል እዚህ ቢለጥፉልን፣ የጎረቤት ቤት የሚታይበትን ሸፍነው፣ ክልሉ በየትኛው ላይ እንዴት ቢሣል እንደሚሻል አይቼ እጽፍልዎታለሁ።