ግፊቴ ወርዷል፤ መድኃኒቱን ላቁም?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ጀምሮ በየቀኑ መድኃኒት እወስዳለሁ። አሁን ስለካ 125 በ80 ነው። በስልኬ የደረሰኝ መልእክት ግን የግፊት መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል ይላል። ጉልበቴን ሲያመኝም ዳይክሎፌናክ ገዝቼ እውጣለሁ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ። ግፊትዎ የወረደው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፤ ሲተዉት ተመልሶ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ምንም ምልክት ሳያሳይ። ኩላሊትን ከሚጎዱ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ቁጥጥር ያልተደረገበት ግፊት ራሱ ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው የኩላሊቱን ሥራና ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን መጠን በደም ምርመራ መከታተል እንዳለበት እውነት ነው። ክትትል ያስፈልገዋል ማለትና ይጎዳል ማለት ግን ለየቅል ናቸው። እንዲህ ያለ መልእክት ሰውን ከመድኃኒቱ ሲያለያይ በጣም ያሳዝነኛል።

እኔን ያሳሰበኝ በመጨረሻ ጠቅሰውት ያለፉት ዳይክሎፌናክ ነው። እሱም ሆነ ሌላው የሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ፣ በተለይም ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ለሕመም ማስታገሻ ብለን በራሳችን የምንገዛውን ከመድኃኒት ስለማንቆጥረው፣ ሐኪም ምን እንደምንወስድ ሲጠይቀን አንነግረውም። ለሐኪምዎ ይህንን ሳይውል ሳያድር ይንገሩት፤ ለጉልበትዎ የሚስማማ ሌላ ነገር ይፈልግልዎታል።

እንዲህ ያለ ወሬ ወደፊትም ይደርስዎታል። በዚያን ጊዜ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ በማን ላይ ብለው ይጠይቁ። «የግፊት መድኃኒት» ብዙ ዓይነት ነው፤ አሠራራቸውም ይለያያል። «አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል» ሲባልም ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ይፈልጉ። ከ10,000 ሰው አንዱ ይታመም የነበረው ሁለት ቢሆን እጥፍ ነው፤ ከ10 ሰው አንዱ የነበረው ሁለት ቢሆንም እጥፍ ነው። ለእርስዎ ያላቸው ትርጉም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ለቀጠሮዎ ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘልዎ፣ መውሰድ ቢረሱ ምን እንደሚያደርጉ፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ቶሎ መመለስ እንዳለብዎ ይጠይቁ። ከመውጣትዎ በፊትም የተረዱትን በራስዎ ቃል መልሰው ለሐኪሙ ይንገሩት። ያስቸገሩት እንዳይመስልዎ፤ በደንብ አስረድቶ እንደሆነ እሱም የሚያውቀው ያኔ ነው።