በአትላስ ተራሮች ሥር በአፈር ቤት ለማደር ላሰባችሁ

ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታችሁ ለዕረፍት ወደ ሞሮኮ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ከማራኬሽ ገበያ ግርግር ወጥታችሁ፣ ታድሶ የእንግዳ ማረፊያ በሆነ የገጠር ጥንታዊ ቤት ሁለት ሦስት ሌሊት እንድታድሩ እመክራለሁ። ሆኖም ክፍያ ከመፈጸማችሁ፣ ስለ መዋኛ ገንዳውም ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ግድግዳው ጠይቁ።

በርበር የምንላቸውና ራሳቸውን ኢማዚገን ብለው የሚጠሩት የአካባቢው ሰዎች ቲግረምት፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ካስባ የሚሉት ባለ ማማ ቤት የሚሠራው፣ ረጠብ ያለ አፈር በሳንቃዎች መካከል እየተጨመረ በመደብደቢያ እየተጠቀጠቀ፣ አንዱ ድርብ ሲጠነክር ሌላው እየተደረበበት ነው። እንደ እኛ አገር ጭቃ ቤት በማገርና በወጋግራ የቆመ ሳይሆን ውፍረቱ ራሱ የሚሸከመው ግድግዳ ነው፤ እንዲህ ያለው አፈር ደግሞ እርጥበትን እያስገባና እያስወጣ ይኖራል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን የገባው ውሃ መውጫ ያጣል።

እኔ መጀመሪያ ያረፍኩበት ቤት፣ ስሙ ይቆየኝና፣ የመኝታ ክፍሉ እንዲህ ተለስኖ በነጭ ቀለም ያማረ ነበር። ሌሊቱን ሻጋታ ሲሸተኝ አድሮ ጧት አልጋውን ሳብ ባደርገው፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ልስኑ አብጧል፤ በጣቴ ጫን ስለው እንደ ቂጣ ተቀርፎ ወደቀና ከኋላው ያለው አፈር እጄን አረጠበው። በወጉ የታደሰ ቤት ግድግዳው በጭድና በአፈር ይለሰናል፤ መታጠቢያ ቤቱም ታደላክት በሚባለው፣ በድንጋይ እየታሸ በሳሙና በሚወለወል ኖራ ይሸፈናል።

ጥያቄው የምቾት ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 ሌሊት ከማራኬሽ በስተደቡብ ባለው ተራራማ የአል ሐውዝ ግዛት የደረሰው፣ መጠኑ 6.8 የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ2,900 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የቲንመል መስጊድም ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ በዚያው ግዛት ባሉት የተራራ መንደሮች፣ በአስኒም ሆነ በኢምሊል በኩል፣ ማረፊያ ስታዙ፣ ቤቱ ከዚያ ወዲህ በምን እንደተጠገነና ማን እንደመረመረው መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ደህና ባለቤት እንዲያውም ደስ ብሎት ያስረዳል።

በጃንዋሪ ከሄዳችሁ ምድጃ ያለው ክፍል ያዙ። በአፈር ቤቶቹ ወደ ታወቀው የአይት ቤንሃዱ መንደር የሚያሻግረው የቲዚ ንቲሽካ መተላለፊያ 2,260 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በበረዶ የሚዘጋበት ቀን አለና፣ የመመለሻ በረራችሁን ከተራራ በወረዳችሁበት ዕለት አታድርጉት። ጥሬ ዲርሃም ከማራኬሽ ይዛችሁ ውጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ፣ የሸንገን መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን ስለማያስገባ፣ ቪዛውን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ለጾመኞች በሳራ የሚሉት አለላችሁ፤ የደረቀ ባቄላ ተቀቅሎና ተፈጭቶ የወይራ ዘይትና ከሙን ጣል የሚደረግበት፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር የሚቀርብ፣ ለሹሮ የሥጋ ዘመድ የሆነ ምግብ ነው። ኩስኩስ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አትክልት ብቻ ነው ቢሏችሁም ስመን የሚባለው ጨው ገብቶበት የቆየ ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል፣ ምግቡ ከመሠራቱ በፊት፣ በዋዜማው ማታ፣ ለምታበስለው እናት ራሷ ንገሩ።