40 ቴራፍሎፕስ ለድሬ ሙቀት

«ጋሼ፣ እንደምን ነህ? ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ሁለት ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን) ነው የማሠራው። ፒኤስ 5 ልጨምር ብር ሳጠራቅም ጓደኞቼ ‹ተው፣ ፒኤስ 6 እየመጣ ነው፤ 40 ቴራፍሎፕስ ነው አሉ፣ ከዚያ በኋላ ፒኤስ 5ን ማን ይነካዋል?› አሉኝ። እውነት 40 ነው? ልጠብቅ ወይስ ልግዛ?»
የጌም ቤት ባለቤት፣ ድሬዳዋ

አቦ ግዛ። ለምን እንደምልህ ግን ትንሽ ታገሰኝ። (ዓመቶቹንና ወራቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ወሬውንና እውነቱን እንለይ። በጥቅምት 2025 የሶኒው ፒኤስ 5 ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ ከቺፕ ሠሪው ኤኤምዲ ሰው ጋር ቀርቦ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሚመጣ ማሽን አብረው ስለሚሠሯቸው ሦስት ቴክኖሎጂዎች አስረዳ። ቴራፍሎፕስ አልጠራም። ዋጋም አልጠራም። 40 የሚባለው ቁጥር «ሾልኮ ወጣ» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ቁጥር ነው። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ልክ ቢሆን እንኳ ጓደኞችህ የሚያስቡትን ያህል ትርጉም የለውም።

አንድ ቴራፍሎፕስ ማለት በሴኮንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት ነው። ስልክህን አውጣና አብረን እናስላው። የፒኤስ 5 የምስል ቺፕ 36 የሥራ ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል 64 አስሊ ይዟል። እያንዳንዱ አስሊ በአንድ ምት ሁለት ስሌት ይሠራል። ቺፑ በሴኮንድ እስከ 2.23 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። አባዛው፣ 10.28 ትሪሊዮን ይመጣልሃል። የሚኮሩበት ቁጥር ይኸው ነው። ማባዛት ብቻ! ጌሙ እንዴት እንደሚሄድ ማንም አልለካም።

ማባዛት ስለሆነ ደግሞ ማሳበጥ ቀላል ነው። አዳዲሶቹ የኤኤምዲ ቺፖች በአንዳንድ ሁኔታ በአንድ ምት እጥፍ ስሌት ይችላሉ። ያንን የቆጠረ ሰው ቁጥሩን በሁለት ያባዛል። የፒኤስ 5 ጠንካራው ስሪት፣ ፒኤስ 5 ፕሮ፣ ከመውጣቱ በፊት 33.5 ቴራፍሎፕስ ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ተንጫጫ። በኅዳር 2024 ማሽኑ ወጣ፤ በቀጣዩ ወር ሰርኒ ራሱ ቆሞ ትክክለኛው 16.7 ነው፣ ሌላው የአቆጣጠር ጣጣ ነው ብሎ አስረዳ። እንግዲህ ጓደኞችህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ 40ው በየትኛው አቆጣጠር ነው? በእጥፉ ከሆነ እውነተኛው 20 ነው። 20 ደግሞ ከፕሮ ብዙም አይርቅም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ስሌቱ የሚሠራበት ዕቃ፣ ማለትም ዳታው፣ ከሚሞሪ ነው የሚመጣው። ደቻቱ ወንዝ ማዶ የፈለግከውን ያህል ባጃጅ ብታሰልፍ ድልድዩ ከሚያሳልፈው በላይ አይሻገርም። ከፒኤስ 4 ወደ ፒኤስ 5 ስሌቱ ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ፤ ከ1.84 ወደ 10.28። ድልድዩ፣ ማለትም ዳታው ከሚሞሪ የሚመጣበት መንገድ፣ ግን በሴኮንድ ከ176 ጊጋባይት ወደ 448 ብቻ ነው የሰፋው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል። ፕሮ ላይ ይበልጥ ይታያል። ስሌቱ በ62 በመቶ ግድም ጨመረ፣ ድልድዩ 576 ደረሰ፣ ይኸውም 29 በመቶ ገደማ ነው። ሶኒ ራሱ «ምስል የሚሠራበት ፍጥነት 45 በመቶ ጨመረ» አለ። አየህ፣ በሁለቱ መሐል ወደቀ። ከጥቅምቱ ሦስት ቴክኖሎጂዎች አንዱ ወደ ሚሞሪ የሚመላለሰውን ሁሉ የሚያጨምቅ መሆኑም ለዚሁ ነው። መሐንዲሶቹ የሚጨነቁት ስለ ድልድዩ ነው፤ እኛ ግን ስለ ባጃጁ ብዛት እንጨቃጨቃለን።

ሌላው ሙቀት ነው። ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ፒኤስ 5 ከባድ ጌም ላይ ወደ 200 ዋት ይበላል፤ የበላውን ሁሉ ሙቀት አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ይተፋዋል። መመሪያው ላይ የተጻፈለት የአየር ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቲቪውና ደንበኛው ተጨምሮ፣ 35ን ማለፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። ከዚራ ያለችው የጥገና ሱቄ በዚያ ወቅት አቧራ በዘጋቸው ፋኖች ነው የምትሞላው። በድሮው አቆጣጠር እውነተኛ 40 የሚሰጥ ማሽን ከቲቪ ሥር ሊቀመጥ በማይችል ዋት ካልሆነ አይታየኝም። ዋቱን የሚቀንሰው ቺፕ ማሳነስም እንደ በፊቱ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ነው ኩባንያዎቹ ወደ ኤአይ የዞሩት። ማሽኑ ምስሉን በትንሹ ይሥላል፣ ኤአዩ ያተልቀዋል። ፕሮ ይህን ይሠራል። ኒንቴንዶ ስዊች 2ም በ2025 ይዞ የወጣው ይህንኑ ዓይነት ዘዴ ነው። ይህ ጉልበት በቴራፍሎፕስ አይጻፍም።

ደንበኞችህ ምንድነው የሚጫወቱት? ኳስ ነው። ኤፍሲ 26 ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። ስለዚህ ሁለቱን አሮጌዎች አትሽጥ፤ ሥራ ላይ ናቸው። አንድ ፒኤስ 5 ጨምር፤ ሲዲ የሚበላውን። ታይዋን ገበያ ስትሄድ «ፕሮ ነው፣ የመጨረሻው ነው» ብሎ የሚያጣድፍህ አይጠፋም። ፕሮ የሲዲ ማጫወቻ አብሮት አይመጣም፤ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ስትገጥመውም አንዴ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ያገለገለ ከሆነ ጌም አስከፍተህ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል። ፋኑ ቶሎ መጮህ ከጀመረ ብርህን ይዘህ ውጣ። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቀው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከዲቫይደሩ ንቀል፤ ተመልሶ ሲረጋ ሰካው። ፒኤስ 6 ሲመጣ ይምጣ፣ እስከዚያ ይቺ ማሽን ዋጋዋን ትመልሳለች።

«ወንድሜ፣ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለኝ። እህቴ ከውጭ ፒኤስ 5 ልላክለት ስትል እሱ ‹አዲሱ ይሻላል፣ ልጠብቅ› ይላል። ስጦታ እምቢ የሚል ልጅ አይቼ አላውቅም። እያታለለኝ ይሆን?»
እናት፣ ሐረር ሸዋ በር

እትዬ፣ እያታለለዎት አይመስለኝም። ስሌቱን ያውቃል። ፒኤስ 4 በ2013፣ ፒኤስ 5 በ2020 ነው የወጡት። ሰባት ሲጨምሩበት 2027 ይሆናል። ግን ይህ የልማድ ስሌት ነው፤ ቃል የገባለት ኩባንያ የለም። ፒኤስ 5 ሲወጣም ለረጅም ጊዜ በዶላር አገር ራሱ ጠፍቶ ነበር።

እህትዎ ካሰበች አሁን ትላክ እላለሁ። ድሮ እነዚህ ማሽኖች እያረጁ ሲሄዱ ይረክሱ ነበር፤ አሁን ተገልብጧል። አሜሪካ ውስጥ በ2020 በ499 ዶላር የወጣው ፒኤስ 5 በነሐሴ 2025 ወደ 549 ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የኤአይ ድርጅቶች ሚሞሪውን እየጠራረጉ ስለገዙት የሚሞሪ ዋጋ ተሰቅሏል። ልጁ የሚጠብቀው ማሽንም ሚሞሪ ይፈልጋል፤ በምን ዋጋ እንደሚመጣ ይጠይቁትና መልሱን ይስሙ። ሐረር ከድሬ ስለምትቀዘቅዝ በሙቀቱ በኩል የተሻላችሁ ናችሁ። እህትዎን የሲዲ ማጫወቻ ያለውን ምረጪ ይበሏት። ፈተናው ካለፈ በኋላ እንዲደርስ ማድረግ ደግሞ የእናንተ የእህትማማቾቹ ጉዳይ ነው፣ እኔ የለሁበትም።

«ጋሼ፣ እኔና ጓደኛዬ ተወራርደናል። በአዲሱ ዙር ማን ይበልጣል፣ ሶኒ ወይስ ኤክስቦክስ?»
ሁለት ተከራካሪዎች፣ ቀፊራ

ሁለቱም ቺፑን ከኤኤምዲ ነው የሚያሠሩት። በ2013ም በ2020ም እንደዚያው ነበር፤ ለቀጣዩም የኤክስቦክስ ባለቤት ማይክሮሶፍት በሰኔ 2025 ይህንኑ አስታውቋል። ባለፈው ዙር ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በወረቀት 12 ቴራፍሎፕስ ነበር፣ ፒኤስ 5 ደግሞ 10.28፤ ብዙ ጌሞች ግን ሁለቱ ላይ ተቀራርበው ነው የሄዱት። በጉልበት ከተወራረዳችሁ ማናችሁም ቶሎ አትበሉም። በዋጋ ተወራረዱ፣ እሱ ቀድሞ ይለያል።